የፈጠራ ክበቡን በዕቃ ግዢ አትጀምሪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምሪያለሽ፣ የሳይንስና ፈጠራ ክበብ አጠናክሩ የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ጽህፈት ቤት መጥቶ ርዕሰ መምህሩ ላንቺ መርቶልሻል፣ በአንድ ክፍል 72 ተማሪ አለ፣ ላብራቶሪው ተቆልፎ ነው የሚውለው፣ ከስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ ከሚመደበው ገንዘብ) 20,000 ብር ይፈቀዳል ተብሏል፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ኤግዚቢሽን አለ። አንቺ የጠየቅሽው "የሮቦቲክስ ኪት (ተገጣጥሞ ሮቦት የሚሆን የካርቶን ዕቃ) ልግዛበት ወይስ ሌላ ነገር፣ ከየትስ ልጀምር" ብለሽ ነው።

እኔ 9 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ አሁን አንድ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ባለ የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ነገሩን ከጥቁር ሰሌዳውም ከዕቃውም በኩል አይቼዋለሁ። አጭሩ መልሴ ኪት አትግዢ ነው፣ ቢያንስ ዘንድሮ። ረጅሙን ደግሞ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ምክንያቱም ጉዳዩ በጣም ያሳስበኛል፣ በዚህ መንገድ ተጀምረው በዓመታቸው የሞቱ ክበቦች ብዙ አይቻለሁ።

ከአንድ ነገር ልነሳ። አዲስ አበባ ሳስተምር አንድ ጊዜ 9ኛ ክፍሎችን ውሃ አፍሉና የሚፈላበትን ሙቀት መዝግቡ አልኳቸው። 8 ቡድን ነበሩ፣ ሰባቱ 100 ብለው ጻፉ። አዲስ አበባ ላይ እኮ ውሃ በ100 አይፈላም፣ ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ባህር ዳር ብታፈይው ወደ 94 ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል። ቴርሞሜትሩ ለሁሉም 92 ነው ያሳያቸው፣ በዓይናቸው አይተውታል፣ ግን መጽሐፉ 100 ስለሚል ቴርሞሜትሩ ነው የተበላሸው ብለው 100 ጻፉ። አንዷ ቡድን ውስጥ ያለች ልጅ ብቻ 92 ጽፋ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች፣ ወረቀቱንም ያስረከበችኝ አንገቷን ደፍታ ነው፣ የተሳሳተች መስሏት።

የፈጠራ ፕሮግራም ማለት ለኔ እንደዛች ልጅ ያለውን ማብዛት ነው። ያየውን ቁጥር የሚጽፍ፣ ካልገባው ጥያቄ ምልክት የሚያደርግ፣ ከዛ ለምን ብሎ የሚሄድ ልጅ። ይሄ ልማድ የሌለው ልጅ እጅ ላይ ሮቦት ብታስቀምጪ በመመሪያው መሠረት ይገጣጥመዋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይጨበጨባል፣ በቃ እዛው ያበቃል። ልማዱ ያለው ልጅ ግን በሃይላንድ ጠርሙስና በክር ቁምነገር ይሠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢሽ ደብተር ይሁን። ለእያንዳንዱ የክበብ አባል አንድ ደብተር፣ ገጹ በቁጥር የተጻፈበት፣ ወረቀት መቅደድ የለም፣ ማጥፋት የለም፣ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ማስመር ብቻ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ለካን፣ በምን ለካን፣ ስንት አገኘን። ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ምንም አይሠሩ፣ ይለኩ ብቻ። ልጆቹ ይሰላቻሉ ብለሽ ትፈሪ ይሆናል፣ አይሰላቹም፣ የሚለኩት የራሳቸውን ነገር ከሆነ።

የራሳቸውን ነገር ስል ምን ማለቴ ነው። አብዛኛው ክበብ "የአካባቢ ብክለትን መከላከል" ወይ "የኃይል እጥረትን መቅረፍ" የሚል ርዕስ ይዞ ይነሳል፣ ይሄ ርዕስ ሳይሆን መፈክር ነው፣ ልጁ ነገ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። እኔ የምጠቀመው መመዘኛ ሁለት ብቻ ነው፦ ችግሩ ተማሪው በእግሩ የሚደርስበት ይሁን፣ በቁጥርም የሚገለጽ ይሁን። ትምህርት ቤቱን አንድ ዙር አዙሪያቸውና የሚያዩትን ይጻፉ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ አለ አይደል? ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ከስሩ ያስቀምጡ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይያዙ። በ25 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 1.2 ሊትር፣ በ24 ሰዓት ወደ 29 ሊትር ማለት ነው፣ ወደ አንድ ጄሪካን ተኩል ይጠጋል፣ ከአንድ ቧንቧ ብቻ። ይሄን ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ሲያነቡት ርዕሰ መምህሩ ራሱ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ ልጆቹም ቁጥር ምን እንደሚሠራ ያኔ ይገባቸዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን የምጣድ ልኬት ነው። መብራት ያለበት አብዛኛው ቤት ቆጣሪ አለው፣ ዲጂታሉ ቆጣሪ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፣ ከጎኗ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ በቁጥር ተጽፏል፣ ለምሳሌ 1,600። ልጅቷ እናቷ እንጀራ ስትጋግር ሌላውን ሁሉ አጥፍታ ብልጭታውን ለአንድ ደቂቃ ትቁጠር። 96 ጊዜ ከበራ፣ በሰዓት 5,760 ነው፣ ለ1,600 ሲካፈል 3.6 ኪሎዋት። ያለምንም ዕቃ፣ ሽቦ ሳትነካ፣ የምጣዱን ኃይል ለካች! ከዛ ጥያቄው በራሱ ጊዜ ይመጣል፦ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ስንት ብልጭታ ሄደ፣ ከጋለ በኋላ ለአንድ እንጀራ ስንት ሄደ? በሳምንት ሁለት ጊዜ 15፣ 15 እንጀራ ከመጋገርና አንዴ 30 ከመጋገር የቱ ይሻላል? ሁለት ጎረቤት ተራ ገብተው በአንድ የጋለ ምጣድ ቢጋግሩስ? እዚህ ጋ ፈጠራው ዕቃ ላይሆን ይችላል፣ የአሠራር ለውጥ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ፈጠራ ነው፣ ልጆቹ ይሄን ከልባቸው እንዲያምኑ አድርጊ። ደግሞ በዚህ ሥራ ከፊዚክስ መምህሩ ይልቅ የሚያውቁት እናቶች ናቸው፣ ልጅቷ ቤቷ ሄዳ እናቷን እንደ ባለሙያ ትጠይቃለች ማለት ነው፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከደብተሩ ቀጥሎ መለኪያ ግዢ። ቴስተር (መልቲሜትሩን ማለቴ ነው) ሦስት አራት፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ እስከ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሜትር፣ የተለያየ መጠን ያለው ሲሪንጅ (ፈሳሽ ለመለካት ከሱ የሚረክስ የለም)፣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ የድንጋይ ባትሪና የባትሪ ቤት። ከኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ኤልኤም35 የምትባል ሦስት እግር ያላት የሙቀት ሴንሰር ጥቂት ፍሬ ፈልጊ። ይቺ ሴንሰር በእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ነው የምታወጣው፣ ከ4 የድንጋይ ባትሪ ጋር አገናኝተሽ ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ ስታደርጊው 235 ካለሽ ሙቀቱ 23.5 ዲግሪ ነው። ኮምፒውተር አያስፈልግ፣ ፕሮግራም አያስፈልግ፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለሽ ለሽቦ፣ ለሞተር፣ ለአሮጌ ማራገቢያ ምናምን መርካቶ ያለውን ምናለሽ ተራን ይዙር፣ ከካርቶን ኪቱ ይልቅ ከተፈታ ፕሪንተር የወጣ ሞተር ለልጅ የበለጠ ያስተምራል፣ እንዴት እንደሚሠራ ራሱ መመርመር አለበትና።

አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንባትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከፈለግሽ ሁለት ይበቃል፣ እሱም ከየካቲት በኋላ። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። አንድ ዓመት አፈሩ ሲደርቅ ውሃ የሚለቅ ራስ-ሰር ማጠጫ ከተማሪዎች ጋር ሠራን፣ ርካሹን ሁለት ጥርስ ያለውን የአፈር እርጥበት ሴንሰር ተጠቅመን። መጀመሪያ አሪፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ መዋዠቅ ጀመረ፣ በሦስተኛው ጭራሽ ደረቅ ነው እያለ ውሃውን ለቆ መደቡን አጨቀየው። ሴንሰሩን ስናወጣው አንደኛው ጥርስ ተበልቷል። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ስታሳልፊበት ኤሌክትሮሊሲስ ይፈጠራል፣ ፖዘቲቩ በኩል ያለው ብረት ይሟሟል። መፍትሄው ቀላል ነበር፣ ለሴንሰሩ ኃይል ሁሌ ከመስጠት ለንባብ ሲፈለግ ብቻ ለአፍታ ከአርዱይኖው ፒን (መውጫ እግር) ላይ መስጠት። ግን መፍትሄውን ያገኘነው ደብተራችን ላይ በየቀኑ ንባቡን የምትመዘግብ ልጅ ስለነበረች ነው፣ ቁጥሩ ከስንተኛው ቀን ጀምሮ እንደተበላሸ ገጹን ገልጣ አሳየችን። ኤግዚቢሽኑ በሁለተኛው ቀን ቢሆን ኖሮ ተሸልመን፣ ምንም ሳናውቅ ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር።

ከ20,000ው ደግሞ ሁሉንም አንዴ አትጨርሺው፣ ግማሹን ለዓመቱ ማንቀሳቀሻ አስቀምጪ፣ ባትሪ ያልቃል፣ ሽቦ ይቆረጣል። ሕንዶች በ2016 እ.ኤ.አ. በየትምህርት ቤቱ የፈጠራ ላብ (አታል ቲንከሪንግ ላብ የሚሉትን) ማቋቋም ሲጀምሩ ለአንድ ትምህርት ቤት እስከ 2 ሚሊዮን ሩፒ መድበው ግማሹን ለማቋቋሚያ ግማሹን ለ5 ዓመት ሥራ ማስኬጃ ነው የከፈሉት። እኛ ጋ ብሩ ትንሽ ቢሆንም አከፋፈሉን ብንወስደው ይጠቅመናል።

ላብራቶሪው ለምን እንደሚቆለፍ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው የላብ ቴክኒሻኑ ስንፍና ይመስለዋል። እኔ ባየሁት ግን ምክንያቱ ወረቀት ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሲሆንና በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን ፈርሞ የሚረከበው አንድ ሰው ነው፣ አንድ ቢከር ቢሰበር ዕዳው የሱ ነው፣ ሲዛወር ክሊራንስ የሚከለክሉት እሱን ነው። ታዲያ ለምን ይክፈት? ሰውየው ላይ ከመፍረድ ከንብረት ክፍልና ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቁጭ ብለሽ ዝርዝር አውጪ፣ ብርጭቆ ነክ ነገር፣ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ኬሚካል አላቂ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ፣ ሚዛንና ማይክሮስኮፕ ቋሚ ሆኖ ይቆይ፣ በትምህርት ላይ እያለ ለሚሰበር ዕቃ ደግሞ ቀን፣ ምክንያትና የሦስት ሰው ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ እንዲበቃ በጽሁፍ ተስማሙ። በአንድ ትምህርት ቤት ይሄን አንድ ወረቀት ካስፈረምን በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረ ላብ በሳምንቱ ተከፍቷል፣ ቴክኒሻኑም ከክበቡ አባል በላይ ነበር የሚመጣው። ውስጡ ስንገባ ያልተነካ ዕቃ ነው ያገኘነው፣ ልገዛ ያሰብኩት ግማሹ እዛው ነበር። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ይሄን በር አስከፍቺ።

የአባላት ብዛት ላይ ጨክኚ። 72ቱንም አትያዢ፣ ከ9ኛና 10ኛ ክፍል 20 ልጅ ይበቃሻል፣ በነጥብ ደረጃ አትምረጪ፣ ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉ ግን ቤት ሬዲዮ የሚፈቱ ልጆች አሉ፣ እነሱን ጠይቂ። 12ኛን አትንኪ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ወጥቶ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ከተሰማ ወዲህ ርዕሰ መምህራን ላይ ያለው ጫና ቀላል አይደለም፣ ክበብ ሲባል የቱቶሪያል ሰዓት የሚሻማ ይመስላቸዋል። ከርዕሰ መምህርሽ ጋር አትከራከሪ፣ ይልቅ የክበቡን ሥራ ከምዕራፎቹ ጋር አያይዘሽ አሳዪው፣ የምጣዱ ልኬት የኤሌክትሪክ ኃይል ምዕራፍ ነው፣ የቧንቧው የልኬትና አሃድ ምዕራፍ ነው፣ የሴንሰሩ ጥርስ ኬሚስትሪ ነው።

የሴት ልጆች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ክበቡን ከትምህርት በኋላ ካደረግሽው ሴቶቹ ይቀራሉ፣ ፍላጎት አጥተው ሳይሆን ውሃና እንጨት፣ ታናሽ ወንድም ምናምን ስለሚጠብቃቸው ነው። ቅዳሜ ካደረግሽውም የገበያ ቀን እንዳይሆን እዪ። ፈረቃ ካላችሁ በተቃራኒው ፈረቃ፣ ከሌላችሁ አንድ የክበብ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ እንዲገባ ታገዪ። ሌላው ደግሞ ቡድን ውስጥ ልብ ብለሽ ተመልከቺ፣ ሳይታወቅ ወንዶቹ ካቻቢቴውን ይይዛሉ ሴቶቹ ይጽፋሉ። እኔ ይሄን ሳላየው ብዙ ዓመት አልፏል፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። በየሳምንቱ ሥራ አቀያይሪ፣ የያዘው ይጻፍ የጻፈው ይያዝ፣ ያለድርድር።

የደህንነት ነገር አጭር ነው ግን አይታለፍ፦ ከሶኬት ጋር የሚገናኝ ሥራ ለተማሪ የለም፣ ሁሉም በድንጋይ ባትሪ። ያበጠ የሞባይል ባትሪ ጭራሽ ወደ ክፍሉ አይገባም።

ስልክ ከተፈቀደ ያንቺ አንድ ስልክ ትልቅ ላብ ነው። ፋይፎክስ የሚባል በጀርመን አኸን ዩኒቨርስቲ የተሠራ ነፃ አፕ አለ፣ አንዴ ካወረድሽው ያለኢንተርኔት ይሠራል፣ የስልኩን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል። ሁለት ስልክ ካገኘሽ በጭብጨባ ብቻ የድምፅን ፍጥነት ታስለኪያቸዋለሽ። ከከተማሽ የማይርቅ ዩኒቨርስቲ ካለም ደብዳቤ ጻፊ፣ ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ የተጀመረው የስቴም ማዕከል ሐሳብ ዛሬ ብዙ ዩኒቨርስቲ ገብቷል፣ በክረምትና ቅዳሜና እሁድ የአካባቢ ተማሪ የሚቀበሉ አሉ። ስትጽፊ ግን "ድጋፍ ይደረግልን" አትበይ፣ ደብዳቤው ብዙ ስለሆነ ይረሳል። "10 ተማሪዎቻችን ይሄንን ለክተው እዚህ ደርሰዋል፣ ይቺን መለኪያ ለሁለት ቅዳሜ መጠቀም ይፈልጋሉ" በይና የደብተራቸውን አንድ ገጽ ፎቶ አያይዢ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣልኝ በዛው ቀን ነው የምመልሰው።

ኤግዚቢሽኑን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብልጭ የሚልና የሚንቀሳቀስ ነገር ዳኛ ይስባል። አንድ ቦታ ራሱ የሚከፈት በር አንደኛ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ፣ ልጁን ቀስ ብዬ ይቺ ዕቃ ምን ትሠራለች ስለው አያውቅም፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ነው የተሠራለት። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ እኛ ነን ያንን የጠየቅነው። አንቺ ተማሪዎችሽን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር እንዲያስቀምጡ አድርጊ፣ ደብተሩን፣ ያልሠራውን የመጀመሪያ ሙከራ፣ የተሻሻለውን። ዳኛ ሲመጣ ንግግራቸውን ከተበላሸው ይጀምሩ፣ "ይሄ በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸብን፣ ምክንያቱን እንዲህ ብለን አገኘን" ሲሉ የሚያዳምጥ ዳኛ ይገኛል። ከተቻለ የወረዳ ሱፐርቫይዘሩን ቀድመሽ አናግሪና የነጥብ መስጫው ላይ "የልኬት መዝገብ" የሚል አንድ ረድፍ ይጨመር፣ ያቺ አንዷ ረድፍ በቀጣዩ ዓመት የሌሎቹንም ትምህርት ቤቶች አሠራር ትቀይራለች። በእርግጥ አዲስና የሚጠቅም ነገር ከወጣ ደግሞ የፈጠራ ሥራዎችን የሚመለከተው አዋጅ 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራም የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 የሚታደስ፣ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ግን በሱ አትጀምሪ።

ጊዜውን እንዲህ ያዢው፣ ጥቅምት ልኬት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አንድ ችግር መርጦ እሱ ላይ መቆየት፣ ጥር ፈተና ስለሆነ እረፍት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መሥራትና ማበላሸት፣ ግንቦት ማሳየት። ከአንድ ቡድን አንድ ሥራ ብቻ።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ክበብ የሚሞትበት ነው፣ ዝውውር። አንቺ ነገ ብትዛወሪ ክበቡ ካንቺ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሌላ መምህር አብሮሽ ይኑር፣ ቢቻል የኬሚስትሪ ወይ የሒሳብ፣ የዘንድሮ 9ኛዎች በሚቀጥለው ዓመት አዲሶቹን እንዲያስለምዱ ንገሪያቸው፣ ያለቁ ደብተሮችን ወደ ቤት አይውሰዷቸው፣ ላይብረሪ ይግቡ፣ አዲሱ ልጅ የባለፈው ዓመት ልጅ የት ጋ እንደቆመ ከፍቶ እንዲያይ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ስብሰባ ላይም አንድ ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ቆመው የቧንቧዋን ቁጥር ያንብቡ፣ ወላጅ ካወቀው የሚመጣ ርዕሰ መምህር በቀላሉ አይዘጋውም። የላብራቶሪው ቁልፍ ደግሞ ሁለት ይቀረጽ፣ አንዱ ቴክኒሻኑ ጋ፣ አንዱ አንቺ ወይም ያ ሁለተኛው መምህር ጋ ይሁን። የመጀመሪያውን ወር ደብተር ካየሽ በኋላ ያልገባሽ ቁጥር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።